ስፓይደርማን 2 በፒኤስ 5፦ ጌም ቤት የሚወራውና እውነታው

ጅማ ውስጥ ፕሌስቴሽን (ፒኤስ) ሲባል ቀድሞ የሚታሰበው ኳስ ነው፤ ሁለት ጆይስቲክ፣ አንድ ቲቪ፣ የተሸነፈ ይነሳል። ስለ ስፓይደርማን 2 ጌም የሚወራው ስህተትም አብዛኛው ከዚህ ልማድና ከድሮዎቹ ማሽኖች የተረፈ ነው።

«ሁለት ስፓይደርማን ስላለ ለሁለት ይጫወቱታል።»
አይጫወቱትም። ፒተር ፓርከርም ማይልስ ሞራለስም አሉ፣ የሚያንቀሳቅሳቸው ግን አንድ ሰው ነው። ከተማው ውስጥ ሲዞሩ ከሜኑ አንዱን በሌላው መቀየር ይቻላል፤ ዋናው ታሪክ ላይ ግን ብዙ ጊዜ የሚመርጠው ጌሙ ነው። በሰዓት ከፍለው ሁለት ሆነው ከገቡ ያለው አማራጭ ተራ መቀባበል ነው። ኦንላይን ጨዋታም ስለሌለው ለእሱ ብሎ ለፒኤስ ፕላስ፣ ማለትም ለፕሌስቴሽን የኦንላይን አገልግሎት፣ መክፈል አያስፈልግም።

«በፒኤስ 4ም ይሠራል።»
እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው የመጀመሪያው ክፍል የፒኤስ 4 ነው። ሁለተኛው ኦክቶበር 20 ቀን 2023 ሲወጣ ለፒኤስ 5 ብቻ ነበር፤ በ2025 ኮምፒውተር ላይም መጣ። ሲዲ ስትገዙ የሽፋኑን አናት እዩ፦ ነጭ ከሆነ የፒኤስ 5፣ ሰማያዊ ከሆነ የፒኤስ 4 ነው።

«ሲዲው ካለ ቦታ አይይዝም።»
ሽፋኑ ላይ የተጻፈው ቢያንስ 98 ጊጋባይት ነው። ሲዲው ጌሙን ወደ ማሽኑ ይጭናል፤ ከዚያ በኋላም በተጫወቱ ቁጥር ውስጡ መሆን አለበት። የመጀመሪያው ፒኤስ 5 825 ጊጋባይት ቢባልም ለተጠቃሚው የሚተርፈው 667 ገደማ ነው። ሲዲ ማጫወቻው ተነቃይ የሆነው ቀጭኑ ሞዴል ደግሞ ማጫወቻውን ለመጀመሪያ ጊዜ ሲያገናኝ ኢንተርኔት ይጠይቃል፤ ለዚህ የስልክ ሆትስፖት ይበቃል። ሲዲ የሌለው ሰው ግን ያስብበት፦ በሰከንድ 10 ሜጋቢት በሚሄድ መስመር 98 ጊጋባይት ለማውረድ ሳይቆራረጥ እንኳ ወደ 22 ሰዓት ይፈጃል።

«ከጓደኛ በሀርድ ዲስክ ማስገልበጥ ነው።»
ፋይሉን ማምጣት ይቻላል፣ ግን ሲዲው ወይም የተገዛበት አካውንት ከሌለ አይከፈትም። በዩኤስቢ የተሰካ ሀርድ ዲስክ የፒኤስ 5 ጌም ያስቀምጣል እንጂ አያጫውትም። ምክንያቱም ጌሙ የተሠራው የማሽኑን ኤስኤስዲ (ፈጣን የውስጥ ማከማቻ) ፍጥነት አምኖ ነው፤ ስፓይደርማን ከሕንፃ ሕንፃ ሲወነጨፍ ከፊቱ ያለው ሰፈር በቅጽበት መነበብ አለበት። ያ ማለት ሀርድ ዲስኩ ዋጋ የለውም ማለት አይደለም። በሰከንድ 100 ሜጋባይት የሚያነብ ከሆነ ጌሙን ወደ ውስጥ የሚመልሰው በ16 ደቂቃ ገደማ ነው፤ አጥፍቶ እንደገና ከማውረድ ጋር አይወዳደርም። ከኋላ ባለው ዩኤስቢ ሰኩት። የመጀመሪያው ሞዴል ፊት ለፊት ያለው ሰፊው ቀዳዳ ቀርፋፋ ስለሆነ ለዚህ አይሆንም።

«መብራት ቢሄድ ችግር የለም፣ ጌሙ ራሱ ሴቭ ያደርጋል።»
ሴቭ ማድረጉ እውነት ነው። አደጋው ማሽኑ እየጻፈ እያለ መብራቱ ሲቋረጥ ነው፤ ሬስት ሞድ ላይ ትቶት የሚተኛም ከዚህ አያመልጥም። ብርቱካናማ መብራቱ በርቶ ከሆነ ማሽኑ አልጠፋም፣ እያንቀላፋ ነው። ስለዚህ ማታ ሙሉ በሙሉ አጥፉት። መብራት ሲሄድ ደግሞ ሶኬቱን ንቀሉ፤ ሲመጣም ወዲያው አትሰኩ፣ አምፖሉ መርገብገቡን እስኪተው ጥቂት ደቂቃ ጠብቁ።

ከዚያ በኋላ ጌሙ አልከፈት ካለ ፎርማት ለማድረግ አትቸኩሉ። ማሽኑን አጥፉና የማብሪያውን ቁልፍ ተጭናችሁ ያዙ፤ አንድ ጊዜ ጢጥ ይላል፣ ከ7 ሰከንድ ገደማ በኋላ ሁለተኛው ሲሰማ ልቀቁ። ጆይስቲኩን በኬብል አገናኙና የፒኤስ ቁልፉን ተጫኑ። ከሚመጣው ዝርዝር ዳታቤዙን እንደገና የሚሠራውን፣ «ሪቢልድ ዳታቤዝ» የሚለውን ምረጡ፤ ሴቭ የተደረገውን አያጠፋም። «ሪሴት ፒኤስ 5» የሚለው ግን ሁሉንም ጠራርጎ ስለሚያጠፋ እጃችሁ እንዳይስት። የፒኤስ 5 ጌም ሴቭ ለብቻው ፍላሽ ላይ አይገለበጥም፤ ያለ ፒኤስ ፕላስ የሚቻለው የማሽኑን ሙሉ ባክአፕ በዩኤስቢ መውሰድ ነው።

ስታብላይዘር አለኝ ብሎ የሚዝናናም አለ። ማሽኑ ከ100 እስከ 240 ቮልት ስለሚቀበል የመብራት መድከም ብዙም አያስጨንቀውም፣ ስታብላይዘር ደግሞ መብራት ሲሄድ አብሮ ይሄዳል። ሴቭ አድርጎ ለመዝጋት የሚሆን ደቂቃ የሚሰጠው ባትሪ ያለው ዩፒኤስ ነው። ጨዋታ ላይ ማሽኑ ብቻውን 200 ዋት ገደማ ስለሚወስድ የቲቪውን ጨምራችሁ አስሉ።

«4ኬ ቲቪ ከሌለ አይሆንም።»
ተራ ፉል ኤችዲ ቲቪ ይበቃል። ሴቲንግ ውስጥ «ፐርፎርማንስ» የሚለው በሰከንድ 60 ፍሬም (ምስል)፣ «ፊደሊቲ» 30 ፍሬም ላይ ይሠራሉ። ለሚወነጨፍ ሰው ፐርፎርማንስ ይሻላል፤ የሁለቱን የምስል ጥራት ልዩነት በትንሽ ቲቪ ላይ መለየትም ከባድ ነው።

«ፍልሚያው ለጀማሪ አይቻልም።»
የመጀመሪያውን የተጫወቱ ሰዎች ናቸው ይበልጥ የሚቸገሩት፤ የክብ ምልክት ያለበትን ቁልፍ ተጭኖ መሸሽ ብቻ ስለለመዱ። እዚህ የኤል1 ቁልፍን መታ አድርጎ ምቱን መመከት ተጨምሯል። ካልሆነም ከሴቲንግ የጌሙን ፍጥነት ወደ 70 ወይም 50 በመቶ ማውረድ ይቻላል።

«ዳንቴል ማልበስ ከአቧራ ይጠብቀዋል።»
ያፍነዋል። ረከቦቱና የዕጣኑ ማጨሻ ከቲቪው ሥር በሆነበት ሳሎን ደግሞ ጭሱን ስቦ የሚያስገባው የማሽኑ ፋን ነው። ከኋላው ሙቀቱ የሚወጣበት ክፍት ቦታ ተዉለት። የመጀመሪያው ሞዴል የጎን ሽፋኑ ሲነሳ ለአቧራ የተተዉ ሁለት ቀዳዳዎች ይታያሉ፤ ሶኬቱን ነቅላችሁ በቫኪዩም ሳቡት፣ በአፍ አትንፉበት፣ ምራቅ ይገባል።