ጡት ማጥባትና ሥራ በጎንደር

የመንግሥት ሠራተኛ የሆነች እናት ከወለደች በኋላ የምታገኘው የወሊድ ፈቃድ 90 ቀን ነው። ልጇ ሦስት ወር ሲሞላው ወደ ቢሮ ትመለሳለች። የዓለም ጤና ድርጅት ግን ሕፃን እስከ 6 ወሩ ከእናት ጡት በቀር ውሃ እንኳ እንዳይቀምስ ይመክራል። ከዚያም ምግብ እየተጨመረለት እስከ 2 ዓመትና ከዚያ በላይ እንዲጠባ። ስለዚህ ፈቃዱ ካለቀ በኋላ የሚቀሩ ሦስት ወሮች አሉ። የጎንደር ሠራተኛ እናቶች ጭንቅ ያለው እዚያ ውስጥ ነው።

ነገሩ ለከተማዋ እንግዳ አይደለም። ጎንደር አራስን ማክበር ታውቅበታለች። አራስ እስከ ክርስትናው፣ ለወንድ 40 ለሴት 80 ቀን፣ ከቤት አትወጣም። ገንፎውና አጥሚቱ ይቀርብላታል፤ ጎረቤት «እንኳን ማርያም ማረችሽ» እያለ ይገባል። የጡት ልጅ የሚባለውም ልማድ ጡት ከምግብነት አልፎ ዝምድና እንደሚፈጥር ያሳያል። በ18ኛው ክፍለ ዘመን ልጇን ዳግማዊ ኢያሱን ዙፋን ላይ አስቀምጣ አገር ያስተዳደረችው እቴጌ ምንትዋብ ያሠራችው ደብር እንኳ ቁስቋም ነው። እመቤታችን ሕፃኑን ታቅፋ ወደ ግብፅ የተሰደደችበት መታሰቢያ ማለት ነው። በየዓመቱ ኅዳር 6 ቀን ወደዚያ የሚወጣው ሕዝብ የሚያስባት፣ ልጇን ይዛ መንገድ ላይ የነበረችን እናት ነው።

በጣሊያን ወረራ ዘመን ስለ ሠራተኛ እናቶች የሚነገር ነገር የለም ማለት ይቻላል። በደርግ ጊዜ ቀበሌዎች መዋዕለ ሕፃናት ከፍተዋል። እነዚያ ግን ከፍ ላሉ ልጆች እንጂ ለሚጠባ ሕፃን የታሰቡ አልነበሩም።

የጎንደር እውነተኛ ድርሻ ያለው በጤና ትምህርት ነው። በ1947 ዓ.ም. የጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ማዕከል ጎንደር ላይ ተከፈተ። ያን ጊዜ ጎንደር አቅራቢያ ያለው የደንቢያ ሜዳ በወባ ወረርሽኝ ተጎድቶ ነበር። መንግሥትም ከዓለም ጤና ድርጅት፣ ከዩኒሴፍና ከአሜሪካ የእርዳታ ድርጅት ጋር ሆኖ ገጠር ድረስ የሚዘልቅ ባለሙያ ማሠልጠን ፈለገ። ሦስት ዓይነት ባለሙያዎች አብረው ይሠለጥኑ ነበር፤ ጤና መኮንን፣ የኅብረተሰብ ነርስና ሳኒተሪያን፣ ማለትም የአካባቢ ንጽሕና ባለሙያ። ከእነዚህ ውስጥ ለእናቶች የቀረበችው የኅብረተሰብ ነርሷ ነበረች። ሕመምተኛ እስኪመጣላት ሳትጠብቅ ነፍሰ ጡርና አራስ ያለችበት ቤት ትሄዳለች። ተማሪዎችን በቡድን አድርጎ ወደ ወረዳ ጤና ጣቢያ መላክ ያኔ የተጀመረ ነው። ዛሬም የጎንደር ተመራቂ በኩራት የሚያወራው እሱን ነው። ኮሌጁ ቆይቶ የሕክምና ሳይንስ ኮሌጅ ሆነ፤ በ1996 ዓ.ም. ደግሞ ዩኒቨርሲቲ። በአገራችን ስለ እናትና ሕፃን ጤና ጎንደር ያበረከተችውን ያህል ያበረከተ ከተማ ማግኘት ቀላል አይመስለኝም።

ከዚሁ ዩኒቨርሲቲ የወጣ አንድ ጥናት ለዚህ ጽሑፍ ዋና ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ ሲሆን በጎንደር ከተማ ሥራ ያላቸውንና የሌላቸውን እናቶች አነጻጽሯል። እስከ 6 ወር ጡት ብቻ ያጠቡት ሥራ ከሌላቸው ውስጥ ግማሽ ያህሉ ነበሩ። ሥራ ካላቸው ግን ከአምስት አንዷ ገደማ ብቻ። በአገር አቀፍ ደረጃ በ2008 ዓ.ም. በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት ከ6 ወር በታች ካሉ ሕፃናት 58 በመቶው ጡት ብቻ ይጠቡ ነበር። እንግዲህ ደመወዝ የምታገኘው የከተማ እናት ከአገሪቱ አማካይ ወደ ኋላ ቀርታለች ማለት ነው። የእውቀት ጉድለት ነው እንዳይባል፣ ከሠራተኛ እናቶች መካከል ራሳቸው ነርሶችና መምህራን የሆኑም አሉ።

ምክንያቱ ጡት የሚሠራበት መንገድ ነው። ወተት የሚመረተው በተጠባ ቁጥር ነው። በመጀመሪያዎቹ ወራት ሕፃን በ24 ሰዓት ውስጥ ከ8 እስከ 12 ጊዜ ይጠባል። እናቱ 8 ሰዓት ከተለየችው ሁለት ሦስት ማጥቢያ ያልፋል። ጡቷ ያጋታል፤ ይጠነክራል፤ ሸሚዟን ያረጥባል። ሳይታለብ ከዋለ ይቆጣል፣ ትኩሳትም ያመጣል። እኛ ቤት «ምች መታት» የሚባለው አንዳንዴ ይኸው ነው። ቀናት ሲደጋገሙ ወተቱ ራሱ ይቀንሳል። ያኔ ጡጦ ይገባል፣ የዱቄት ወተት ይገዛል፤ ደመወዙም ወደዚያ ይሄዳል።

ሕጉ ምን ይላል? ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 35 ሴቶች ከሙሉ ደመወዝ ጋር የወሊድ ፈቃድ የማግኘት መብት እንዳላቸው ደንግጓል። የፈቃዱ ርዝመት የሥራውን ሁኔታ፣ የእናቲቱን ጤንነት፣ የሕፃኑንና የቤተሰቡን ደኅንነት እያየ በሕግ እንዲወሰንም ይላል። በ1999 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 515 ከወሊድ በኋላ 60 ቀን ይሰጥ ነበር። በ2010 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1064 ወደ 90 ከፍ አደረገው፤ ከወሊድ በፊት ያለው 30 ቀን ሳይነካ። ለአባት 10 የሥራ ቀን ሰጠ። ከሁሉ በላይ ደግሞ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ሴት ሠራተኞች ልጆቻቸውን የሚያጠቡበትና የሚንከባከቡበት የሕፃናት ማቆያ እንዲያቋቁሙ አዘዘ። ይህ ትልቅ እርምጃ ነው፤ በቂ ምስጋና አግኝቷል ብዬ አላምንም። የዩኒቨርሲቲው ሠራተኞች በፌዴራሉ አዋጅ ሥር ናቸው። የከተማውና የዞኑ ቢሮዎች ግን በክልሉ የራሱ አዋጅ ይተዳደራሉ።

የግሉ ዘርፍ ሌላ ነው። በፋብሪካ፣ በሆቴል፣ በባንክ፣ በግል ክሊኒክ የምትሠራ እናት የምትተዳደረው በ2011 ዓ.ም. በወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 ነው። እሱም ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ይሰጣል። ነፍሰ ጡርን፣ የወለደችንም እስከ አራት ወር ድረስ፣ ከሥራ ማሰናበትን ይከለክላል። ለአባት ሦስት ቀን። ነገር ግን ስለ ጡት ማጥቢያ ሰዓትም ሆነ ስለ ማቆያ ክፍል አንድም አንቀጽ የለውም። ይህ ክፍተት ነው፣ በሌላ ስም ልጠራው አልችልም። ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1919 ባወጣው ስምምነት እናት በሥራ ሰዓት በቀን ሁለት ጊዜ ግማሽ ግማሽ ሰዓት እንድታጠባ ደንግጎ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2000 የወጣው ስምምነት ቁጥር 183 ደግሞ የማጥቢያው ጊዜ እንደ ሥራ ሰዓት ተቆጥሮ እንዲከፈልበት ይላል። ኢትዮጵያ የድርጅቱ አባል የሆነችው እ.ኤ.አ. በ1923 ነው። ሐሳቡ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል።

መሬት ላይ ያለው ይኸው ነው። ቀን ስድስት ሰዓት ተኩል ሲል ባጃጅ ከአንድ መሥሪያ ቤት በር ላይ ይቆማል። አያትየዋ ሕፃኑን በጋቢ ጠቅልለው ይወርዳሉ። እናትየዋ ከደረጃው እየሮጠች ትመጣና የጥበቃው ቤት ትገባለች። ጥበቃው ወንበሩን ለቆ ውጭ ይቆማል። ሕፃኑ ጠብቶ ሲያበቃ አያትየዋ በዚያው ባጃጅ ይመለሳሉ፤ እናትየዋ ምሳዋን ሳትበላ ሰባት ሰዓት ተኩል ላይ ትገባለች። መንገድ ሲዘጋ ወይ ነዳጅ ሲጠፋ ይህም የለም። እኔ የመጀመሪያ ልጄን ሳጠባ የምታለበው ፋይል ክፍል ውስጥ ነበር። በሩ ቁልፍ ስላልነበረው አንዷ የሥራ ባልደረባዬ ውጭ ጀርባዋን ሰጥታ ትቆምልኝ ነበር። የታለበ ወተት በክፍል ሙቀት አራት ሰዓት ያህል፣ በፍሪጅ ደግሞ እስከ አራት ቀን ይቆያል። የጎንደር አየር ደግነቱ ከተማዋ ከባሕር ጠለል ከ2,100 ሜትር በላይ ከፍ ስላለች ቀዝቀዝ ይላል። መጋቢትና ሚያዝያ ላይ ግን እሱም አያስተማምንም። ማታ የሚያድሩ ነርሶች ችግር ከዚህም ይብሳል፣ ሌሊት ልጅ የሚያመጣላቸው የለም።

የማጥቢያ ሰዓትንና ክፍልን ሕግ ያስገድድ ወይስ ለአሠሪው በጎ ፈቃድ ይተው የሚለው ክርክር አላለቀም። አሠሪዎች የሚያነሱት ፍርሃት አለ። ሁለት ሠራተኛ ያላት ፋርማሲ ክፍል ከየት ታመጣለች? ግዴታው ሲበዛ ወጣት ሴት መቅጠር ይቀራል ይላሉ። ሁለተኛው እውነትነት ሊኖረው ይችላል፤ ቃለ መጠይቅ ላይ «ልትወልጂ ታስቢያለሽ?» መባል የማታውቅ ሴት ጥቂት ናት። መድኃኒቱ ግን ግዴታውን መተው አይመስለኝም። ሰዓቱን ለሁሉም፣ ክፍሉን ብዙ ሠራተኛ ላላቸው ማድረግ ይቻላል። ፒያሳ አንድ ሕንፃ ላይ ያሉ አምስት መሥሪያ ቤቶች አንድ ክፍል ሊጋሩ ይችላሉ። ክፍሉ የሚፈልገው ከውስጥ የሚቆለፍ በር፣ ደገፍ የሚባልበት ወንበር፣ የእጅ መታጠቢያና ትንሽ ፍሪጅ ነው። በበጎ ፈቃድ ቢተው ደግሞ ኃላፊ በተቀየረ ቁጥር ማቆያው ዕቃ ቤት ይሆናል።

አንዳንዶች ክፍል ከመሥራት ፈቃዱን ወደ 6 ወር ማራዘም ይሻላል ይላሉ። ለሕፃኑ እሱ እንደሚበልጥ አያጠራጥርም። ወጪው ሁሉ በአሠሪው ላይ እስከወደቀ ድረስ ግን የግሉ ዘርፍ ይቀበለዋል ማለት ያስቸግራል።

ከእነዚህ አዋጆች ውጭ ያሉት ብዙዎች ናቸው። የቤት ሠራተኛዋ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ አትሸፈንም። አንዳንዷ የሰው ልጅ እያቀፈች የራሷን ገጠር ለእናቷ ትታ የመጣች ናት። ቅዳሜ ገበያ ሽንኩርትና በርበሬ ይዛ የምትቀመጠው እናት ደግሞ ፈቃድ የምትጠይቀው ሰው የላትም። ልጇን በአንቀልባ አዝላ ትመጣለች። ሲያለቅስ ወደ ፊት ታዞረዋለች፤ ነጠላዋን ጣል ታደርግበትና በአንድ እጇ ታጠባዋለች፣ በሌላው ሚዛኑን ይዛ ትመዝናለች። ዝናብ ሲመጣ ከጎኗ ያለችው ሻጭ ጃንጥላውን ወደ ሕፃኑ ታዘነብለዋለች።