የኡራ ኪዳነ ምሕረት ሙዚየምና የዓድዋ በዓል

ኡራ ኪዳነ ምሕረት በጣና ዳር፣ በዘጌ ባሕረ ገብ መሬት ያለ ጥንታዊ ገዳም ነው። ከባሕር ዳር በጀልባ አንድ ሰዓት ገደማ ያስኬዳል። ከጀልባ ወርዶ በቡናው ጫካ ውስጥ በእግር ነው። ዘጌ ላይ በሬ ጠምዶ ማረስ ክልክል ነው፤ የአቡነ በትረ ማርያም ቃል ኪዳን ነው ይባላል። ገዳሙንም በ14ኛው ክፍለ ዘመን የመሠረቱት እሳቸው ናቸው ይላል የአገሩ ትውፊት። ሴቶች እንደማይገቡበት የጣና ደሴት ገዳም እንደ ክብራን ገብርኤል አይደለም፤ ሴቶችም ይገባሉ።

እንግዳ የሚመጣው ለመቅደሱ ሥዕል ነው። ሙዚየሙን ግን ቸኩሎ ያልፈዋል፤ ይህ ያሳዝናል። ድሮ ቅርሱ የሚቀመጠው ዕቃ ቤት ውስጥ ነበር። መነኩሴው አንድ በአንድ እያወጡ ነበር የሚያሳዩት። አሁን የብራና መጻሕፍቱ፣ መስቀሎቹ፣ ካባዎቹና ዘውዶቹ ለጎብኚ ተደርድረዋል።

ከዘውዶቹ አንዱ የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ነው ተብሎ ይታያል። የአገሩ ንጉሥ ናቸውና ለማመን አይከብድም። ቀድሞ ራስ አዳል ይባሉ ነበር። በ1873 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ የጎጃምና የከፋ ንጉሥ አድርገው አነገሧቸው። በ1874 ዓ.ም. እምባቦ ላይ ከሸዋው ንጉሥ ምኒልክ ጋር ተዋጉ። ድል ሆኑ፣ ቆሰሉ፣ ተማረኩ። ምኒልክ ራሳቸው ቁስላቸውን አጠቡላቸው ይባላል። በ1880 ዓ.ም. ደግሞ ደርቡሽ፣ የሱዳኑ የማሕዲ ጦር፣ ሳር ውኃ ላይ ሠራዊታቸውን ሰበረ፤ ልጆቻቸውም ተማረኩ። ይህን ሁሉ ያዩት ንጉሥ የጣሊያን ወረራ ሲመጣ ቂም አልያዙም። የጎጃምን ጦር አስከትለው ከዚያው ከማረኳቸው ሰው ጎን ዓድዋ ዘመቱ። ዘውዱ ፊት ቆሞ ይህን የሚያስብ ሰው የዓድዋ ድል ምን ያህል እርቅ እንደጠየቀ ይገባዋል።



ከአምስቱ ዓመት ወረራ በኋላ ንጉሠ ነገሥቱ አዲስ አበባ የገቡበት ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. የድል ቀን ሆኖ ይከበራል። በዘጌ ግን የድሉ ወር የካቲት ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። የካቲት 16 የኪዳነ ምሕረት ዓመታዊ ንግሥ ነው። ልክ በሳምንቱ፣ የካቲት 23፣ ዓድዋ ይከበራል። ቀኑ የጊዮርጊስ ነው፤ ጦርነቱ የተካሄደበት የ1888ቱ እሑድም የጊዮርጊስ ቀን ነበር። ባሕር ዳር ራሷም ቀድሞ ባሕር ጊዮርጊስ ትባል ነበር።

ለንግሡ የሚመጣ ሰው ማልዶ ወደብ ይውረድ፤ ጀልባው ቶሎ ይሞላል። ነጠላውን የለበሰው ሰው ሲያሸበሽብ ውሎ ወደ ማታ ይመለሳል። ሙዚየሙን በእርጋታ ማየት የፈለገ ግን በማግስቱ ቢሄድ ይሻለዋል።