የጤና ተቋማት «የውስጥ ገቢ» ምንድን ነው?

ጤና ጣቢያ ሄዳችሁ ካርድ አወጣችሁ እንበል። ገንዘብ ተቀባይዋ ደረሰኝ ቀድዳ ሰጠቻችሁ። ላቦራቶሪ ከፈላችሁ፣ ሌላ ደረሰኝ። መድኃኒት ከፈላችሁ፣ ሦስተኛ ደረሰኝ። ወረቀቶቹ ኪሳችሁ ገቡ። ብሩስ የት ገባ?

ብዙ ሰው «መንግሥት ካዝና ነዋ» ይላል። ድሮ ልክ ነበር። ዛሬ ግን ያ ብር በጤና ጣቢያው የባንክ ሒሳብ ይቀመጣል፤ ጤና ጣቢያውም ራሱ መልሶ ይጠቀምበታል። «የውስጥ ገቢ» የሚባለው ይህ ነው።

የሒሳብ ክፍል ቃል ስለሆነ ደረቅ ይመስላል። ግን የመንግሥት ጤና ተቋም በጠበበ በጀት እንዴት ውሎ እንደሚያድር ማወቅ የፈለገ ሰው ከዚህ ቃል ቢጀምር ይሻለዋል።

ወረዳው ለጤና ጣቢያ ከሚመድበው ገንዘብ ትልቁን የሚወስደው ደመወዝ ነው። ደመወዝ አይነካም። የቀረችው ሥራ ማስኬጃ ትባላለች። መድኃኒት ከእሷ፣ ጓንት ከእሷ፣ የመብራትና የውሃ ክፍያ ከእሷ፣ የጄኔሬተር ነዳጅ ከእሷ፣ በረኪናው ሳይቀር ከእሷ። በጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ተጀምሮ ሰኔ 30 ያልቃል። ሥራ ማስኬጃ ግን ብዙ ቦታ ሰኔን ሳታይ ታልቃለች።

በድሮው አሠራር ተቋሙ ከሕመምተኛ የሰበሰበውን እያንዳንዱን ሳንቲም ለፋይናንስ ያስረክብ ነበር። አንድ ነገር አስቡ። የማዋለጃ ክፍሉን መሣሪያ የሚቀቅለው ማሽን ተበላሸ። ማሠሪያው ብዙ ብር አይደለም። ካዝናው ውስጥ የዛሬ ገቢ አለ። ግን አይነካም፤ ነገ ገቢ ይደረጋል። ኃላፊው ለወረዳ ጤና ጽሕፈት ቤት ደብዳቤ ይጽፋል። እነሱ ለፋይናንስ ይጽፋሉ። ፋይናንስ «በበጀት አልተያዘም» ይላል። እስከዚያው ምጥ የያዛት እናት ትመጣለች። ምጥ ደብዳቤ አይጠብቅም።

ሌላም ጉዳት ነበረው። የሰበሰብከው ለአንተ ካልተመለሰ ለመሰብሰብ ምን ያተጋሃል? ደረሰኝ ቢቆረጥ ባይቆረጥ ለተቋሙ ለውጥ የለውም ነበር።

በ1990 ዓ.ም. የጤና አጠባበቅ ፋይናንስ ስትራቴጂ ጸደቀ። ክልሎችም በ1990ዎቹ ማብቂያ ላይ አዋጅና ደንብ እያወጡ ተቋማቱ የሰበሰቡትን እንዲይዙ ፈቀዱ። እንደልብ ይውጣ ማለት ግን አይደለም። ተቋሙ ያቅዳል፣ የሚመራው ቦርድ ያያል፣ በምክር ቤት ይጸድቃል፣ ከዚያ ነው የሚወጣው። ሥራው አገልግሎቱን ማሻሻል ነው፤ መድኃኒትና የሕክምና መገልገያ ይቀድማሉ። ቦርዱ ውስጥ የሕብረተሰቡ ተወካይ አለ። በሰፈራችሁ ጤና ጣቢያ ቦርድ እናንተን ወክሎ የሚቀመጠው ማን እንደሆነ ጠይቃችሁ ታውቃላችሁ?

ከደንቡ ሁሉ ዋናው አንድ ነው፦ የውስጥ ገቢ ተጨማሪ እንጂ ምትክ አይደለም። «እናንተማ ገቢ አላችሁ» ተብሎ ከመንግሥት በጀት መቀነስ የለበትም። በጀት ሲጠብ መጀመሪያ የሚፈተነው ይህ ሕግ ነው። እኔም አጥብቄ የምይዘው እሱን ነው። የውስጥ ገቢ የሚባለው ብር እኮ ከሰማይ አይወርድም። ከታመመ ሰው ኪስ ነው የሚወጣው። የመንግሥትን ድርሻ በእሱ መተካት ማለት በጀቱን በሽተኛው ላይ መጫን ማለት ነው። የአፍሪካ መንግሥታት እ.ኤ.አ. በ2001 አቡጃ ላይ ከበጀታቸው ቢያንስ 15 በመቶውን ለጤና ለመመደብ ቃል ገብተዋል። ቃሉ አሁንም ዕዳ ነው።

ከፍሎ መታከም የማይችለው ድሃስ? ለእሱ የነጻ ሕክምና ወረቀት አለ። ቀበሌ ይመሰክራል፣ ወጪውን መንግሥት ይሸፍናል። ከዚህ ሌላ ለማንም በነጻ የሚሰጡ አገልግሎቶች አሉ፤ ክትባት፣ የቤተሰብ ምጣኔ፣ በጤና ጣቢያ መውለድ፣ የቲቢ ሕክምና። ነጻነቱ ግን ለታካሚው ነው። አዋላጇ ጓንት ታጠልቃለች፣ እትብት ማሰሪያ ትጠቀማለች፣ ደም ማቆሚያ መርፌ ትወጋለች። የእነዚህን ዋጋ አንድ ሰው መክፈል አለበት። በጀት ወይም እርዳታ ካልሸፈነው የካርድና የላቦራቶሪ ገቢ ይሸፍነዋል። የውጭ እርዳታ በቀነሰ ቁጥር ይህ ሸክም ይከብዳል።

መድኃኒት ደግሞ የራሱ ስሌት አለው። ተዘዋዋሪ የመድኃኒት ፈንድ ይባላል። በ100 ብር የተገዛው ትንሽ ተጨምሮበት በ125 ይሸጣል፤ በተሸጠው ብር አዲስ ይገዛል። ዋጋ ሲረጋጋ ጎማው ይሽከረከራል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ ግን አንድ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ 100ን አለፈ። መድኃኒቱ በአብዛኛው ከውጭ ነው የሚመጣው። በ125 የሸጥከው ዕቃ በ180 ከመጣ፣ ሸጠህ እንኳ መልሰህ አትገዛውም። ማንም ሳይሰርቅ መደርደሪያው ይራቆታል።

ማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድህን የመጣው ሰው ሲታመም ሳይሆን ደህና ሳለ እንዲከፍል ነው። ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ በ13 ወረዳዎች ተሞክሮ ተስፋፋ። አባሉ የዓመት መዋጮ ይከፍላል፣ ሲታመም ደብተሩን ያሳያል። ተቋሙ በዱቤ ያክማል፤ ሒሳቡን አስልቶ ከመድህኑ ይጠይቃል። ሐሳቡ ጥሩ ነው፤ ከልቤ እደግፈዋለሁ። ችግሩ ክፍያው ሲዘገይ ነው። ላም አለኝ በሰማይ ይሆናል። በመዝገብ ገቢ አለ፤ በእጅ የለም። ተዘዋዋሪው ፈንድም መዞሩን ያቆማል።

አንድ ጊዜ እናቴን ይዤ አንድ ጤና ጣቢያ ሄድኩ። ማዘዣው ላይ ሦስት መድኃኒት ተጽፏል። የመድኃኒት ክፍሏ ልጅ አንዱን ቆጥራ ሰጠችን። ሁለቱን በእስክሪብቶ ከበበቻቸው።

«እማማ፣ እነዚህን ከውጭ ይግዙ።»

«ልጄ፣ እኔኮ መድህን አለኝ» አለች እናቴ፣ ደብተሯን ከፍታ እያሳየች።

«አውቃለሁ እማማ። እነሱ ሲከፍሉን እኛም እንገዛለን።»

ልጅቷ ላይ አልፈርድም። እናቴ ግን መዋጮዋን ከፍላለች። መንገድ ተሻግረን ለሁለተኛ ጊዜ ከፈለች። መዋጮ በሰዓቱ ካልተከፈለ አባልነቱ ይቋረጣል። ለተቋሙ የሚከፈለው ሒሳብስ ቀን የማይቆረጥለት ለምንድን ነው?

ገንዘቡ ከመጣ በኋላ ያለውን ሥራ ያሳየው ደብረ ማርቆስ ሆስፒታል ነው። ሠራተኞቹ ኤፒቲኤስ የሚሉት የመድኃኒት ሽያጭና ቁጥጥር አሠራር መጀመሪያ የተሞከረው እዚያ ነው። እያንዳንዱ መድኃኒት በዋጋው ይመዘገባል፣ በደረሰኝ ይሸጣል፣ በየጊዜው ይቆጠራል። የትኛው ብዙ ይወጣል፣ የትኛው ሊበላሽ ደርሷል፣ ምን ጎደለ፣ ሁሉም ይታያል። ጊዜው አልፎ የሚቃጠል መድኃኒት እኮ የተቃጠለ በጀት ነው። ደረሰኝ ሳይቆረጥ የተከፈለ ብርም እንደዚያው፤ ለጤና ጣቢያው ጓንት አይሆንም። መስኮቱ ጋ ከፍላችሁ ወረቀት ካልተሰጣችሁ «ደረሰኜስ?» በሉ።