የሴቶች ትምህርት ቤት ፕሮዲዩሰር ያፈራል? ስለ ሪስ ዊዘርስፑን መንገድ የሚነገሩ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

አሜሪካዊቷን ሪስ ዊዘርስፑን ብዙ ተመልካች የሚያውቃት በ2001 በወጣው «ሊጋሊ ብሎንድ» በተጫወተችው የሕግ ተማሪ ገጸ ባሕርይ ነው (እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ከ2012 ወዲህ ግን ዋነኛ ሥራዋ ከካሜራ ፊት ወደ ካሜራ ጀርባ እየዞረ ሄዷል። በዚያ ዓመት ፓስፊክ ስታንዳርድ የተባለውን፣ በ2016 ደግሞ ሄሎ ሰንሻይን የተባለውን የፊልም ኩባንያ ከአጋሮቿ ጋር አቋቋመች፤ ሁለተኛው በ2021 ሲሸጥ ዋጋው ወደ 900 ሚሊዮን ዶላር እንደተገመተ ተዘግቧል። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቷን የጨረሰችው በ1994 ሲሆን፣ ትምህርት ቤቱ በቴነሲ ግዛት በናሽቪል ከተማ የሚገኘው፣ ሴቶችን ብቻ የሚቀበለው ሃርፔዝ ሆል ነው። እነዚህ ሁለት እውነታዎች ጎን ለጎን ሲቀመጡ ሰው ወደ ሁለት ጫፍ ይሄዳል፤ አንዱ ሁሉንም ነገር የትምህርት ቤቱ ፍሬ ያደርገዋል፣ ሌላው ትምህርት ቤቱን ከነጭራሹ ከታሪኩ ያወጣዋል። ሁለቱም ወገኖች የሚነሡባቸውን ግምቶች አንድ በአንድ ማየት ይጠቅማል።

«ፕሮዲዩሰር ማለት ገንዘብ የሚያወጣው ሰው ነው»

ከዚህ መጀመር ግድ ነው፤ የሙያው ትርጉም ከተዛባ ትምህርት ቤቱ ለሙያው ምን እንዳዋጣ መጠየቅ አይቻልምና። በእኛ አገር የፊልም ሥራ ፕሮዲዩሰር ሲባል ብዙ ጊዜ የሚታሰበው ወጪውን የሚሸፍነው ባለሀብት ነው። ለዚህም ነው አንዲት ተዋናይት ፕሮዲዩሰር ሆነች ሲባል «ገንዘብ አገኘች ማለት ነው» ተብሎ የሚታለፈው። በሆሊዉድ አሠራር ግን ፕሮዲዩሰር ፊልሙ ገና ሐሳብ ሳለ ጀምሮ እስኪታይ ድረስ የሚሸከመው ሰው ነው። ታሪኩን ያገኛል፤ መጽሐፍ ከሆነ ለተወሰነ ጊዜ ወደ ፊልም የመቀየር መብቱን በውል ይይዛል፤ የፊልም ጽሑፍ ደራሲ ይቀጥራል፤ ዳይሬክተር ያግባባል፤ ከስቱዲዮ ወይም ከሌላ አካል ገንዘብ ያፈላልጋል፤ በጀትና የቀረጻ መርሐ ግብር ያወጣል፤ በመካከል የሚነሣውን ጠብ ሁሉ ይዳኛል። የኦስካር «ምርጥ ፊልም» ሽልማት ሲሰጥ መድረክ ላይ ወጥተው የሚቀበሉትም ፕሮዲዩሰሮቹ ናቸው። ኤግዚኪዩቲቭ ፕሮዲዩሰር የሚባለው ማዕረግ ከዚህ የተለየ ነው፤ ገንዘብ ላመጣ፣ መብት ለያዘ፣ አንዳንዴም ስሙን ብቻ ላዋሰ ሰው ይሰጣል።

እርግጥ ዊዘርስፑን ፓስፊክ ስታንዳርድን በራሷ ገንዘብ እንደጀመረች፣ በሙያው ያሉ ሰዎች ሁሉ ደግሞ የራስሽን ገንዘብ አታውጪ እንደሚሉ ተናግራለች። ሆኖም የፊልሞቹ ትልቅ በጀት የመጣው ከስቱዲዮዎችና ከአጋሮቻቸው ነው። እሷና አጋሯ ብሩና ፓፓንድሪያ ያዋጡት ዋነኛ ነገር ምርጫቸው ነበር፤ የትኛው ታሪክ ፊልም ሊሆን እንደሚችል ከሌሎች ቀድመው ማወቃቸው።

«ትምህርት ቤቱ ፊልም መሥራት አስተማራት»

ሃርፔዝ ሆል የፊልም ትምህርት ቤት አይደለም። ከአምስተኛ እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል የሚያስተምር፣ ተማሪዎቹን ለዩኒቨርሲቲ የሚያዘጋጅ የግል ትምህርት ቤት ነው። የተመሠረተው በ1951 ሲሆን፣ የዘር ሐረጉ ግን ዋርድ-ቤልሞንት በተባለ የናሽቪል የሴቶች ትምህርት ቤት በኩል እስከ 1865 ወደ ኋላ ይቆጠራል። የፊልም ሥራን ዊዘርስፑን ያየችው ከግቢው ውጭ ነው፤ የመጀመሪያ ፊልሟ በ1991 ሲወጣ ገና ታዳጊ ተማሪ ነበረች። ስለዚህ የሙያውን ቴክኒክ የሰጣት የቀረጻ ቦታው እንጂ የመማሪያ ክፍሉ አይደለም።

ይህን ካልን በኋላ የመማሪያ ክፍሉ ምን እንደሰጠ መጠየቅ ይቀራል፤ ለእኔ የጉዳዩ እምብርት እዚህ ላይ ነው። ተማሪዎቹ በሙሉ ሴቶች በሆኑበት ግቢ የተማሪዎች መማክርት ሊቀ መንበሯም፣ የትምህርት ቤቱን ጋዜጣ የምታዘጋጀውም፣ በሒሳብ ውድድር የምትረታውም፣ የምትሸነፈውም፣ ተውኔት ሲታይ መሰላል ላይ ወጥታ መብራት የምትሰቅለውም ሴት መሆኗ ግድ ነው። ማንም «ይህን ለወንዶቹ ተዪው» ሊላት አይችልም፣ ወንዶቹ የሉምና። ይህ በየዕለቱ ሲደጋገም ትምህርት መሆኑ ይረሳል፤ ልማድ ይሆናል። የፕሮዲዩሰር ሥራ ደግሞ ከሌላው የፊልም ሙያ ሁሉ ይልቅ ሰው በየቦታው የመመደብ ሥራ ነው፤ ማን ይጻፈው፣ ማን ያዘጋጀው፣ ማን ይቅረጸው፣ የታሪኩ መሪ ማን ትሁን የሚለው ጥያቄ በየማለዳው ይነሣል። በልጅነቷ ሁሉም ወንበር ላይ ሴት ተቀምጣ ያየች ሰው ይህን ጥያቄ ስትመልስ በአእምሮዋ የሚመጡላት ሰዎች ቁጥር ይሰፋል ብዬ እገምታለሁ። ግምት ነው ያልኩት ሆን ብዬ ነው፤ እንዲህ ያለውን ነገር ከአንድ ሰው ሕይወት ብቻ ማረጋገጥ አይቻልም።

የበለጠ የሚጨበጥ ነገርም አለ። ሃርፔዝ ሆል ከ1973 ጀምሮ ዊንተሪም የተባለ መርሐ ግብር አለው። በጥር ወር ለሦስት ሳምንታት መደበኛው ትምህርት ይቆማል፤ የታችኞቹ ክፍሎች በግቢው ውስጥ ከወትሮው የተለዩ ትምህርቶችን ሲወስዱ፣ የላይኞቹ ክፍሎች ተማሪዎች ለጥናት ጉዞ ይወጣሉ ወይም በመሥሪያ ቤቶች ተመድበው ሥራ ይለማመዳሉ። አንዲት የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ በማታውቀው ቢሮ ውስጥ ራሷን አስተዋውቃ ሥራ መጠየቋ ትንሽ ነገር አይደለም። በኋላ የመጽሐፍ መብት ለመያዝ ለማያውቁት ደራሲ ስልክ መደወል ከዚህ ብዙ አይርቅም።

የሴቶች ትምህርት ቤት የፊልም ሥራን ጭራሽ አያስተምርም ማለት ግን ሌላ ስሕተት ነው። በማሳቹሴትስ የሚገኘው የዌልዝሊ የሴቶች ኮሌጅ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ሲሆን፣ ለእኛም ቅርብ የሚያደርገው ነገር አለ፤ «ስደት» የተሰኘውን፣ በሱዳን የነበሩ ስደተኛ ሴቶችን ሕይወት የሚያሳየውን ዘጋቢ ፊልም የሠሩት ኢትዮጵያዊቷ ሳሌም መኩሪያ በዚያ ኮሌጅ ለረጅም ዓመታት አስተምረዋል። ሳሌም ዘጋቢ ፊልሞቻቸውን ራሳቸው ጽፈው፣ ራሳቸው አዘጋጅተው፣ ፕሮዲዩሰርም ሆነው የሚሠሩ ባለሙያ ናቸው።

«የሴቶች ትምህርት ቤት ለትዳር የሚያዘጋጅ ቤት ነው»

ይህ አመለካከት ከባዶ አልመጣም። በአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን በአሜሪካ ደቡብ ከተከፈቱት የሴቶች ትምህርት ቤቶች ብዙዎቹ ለባለጸጋ ቤተሰብ ልጆች ሙዚቃና መልካም አነጋገር ማስተማርን ትልቅ ቦታ ይሰጡት ነበር። እኛም ዘንድ በ1931 የተከፈተው የእቴጌ መነን ትምህርት ቤት ስም ሲነሣ ብዙ ሰው ቀድሞ የሚያወራው ስለ ልጃገረዶቹ ጨዋነት ነው፤ ከዚያ ወጥተው በየመሥሪያ ቤቱ ስለ ሠሩት ሴቶች የሚያወራው ጥቂት ነው። ነገር ግን የአንድ ተቋም አመሠራረትና የዛሬ ሥራው አንድ አይደሉም።

«ከሴቶች ትምህርት ቤት የወጡ ሴቶች ከወንዶች ጋር መሥራት ያቅታቸዋል»

የዊዘርስፑን የሥራ ታሪክ ይህን አይደግፍም። በ2014 የወጡት የፓስፊክ ስታንዳርድ ሁለት ፊልሞች፣ «ጎን ገርል» እና «ዋይልድ»፣ ሁለቱም በሴት ደራስያን መጻሕፍት ላይ ተመሥርተው ሁለቱንም በዳይሬክተርነት የመሩት ወንዶች ናቸው፤ የመጀመሪያውን ዴቪድ ፊንቸር፣ ሁለተኛውን ዣን-ማርክ ቫሌ። በ«ጎን ገርል» ላይ የሆነው ነገር ፕሮዲዩሰርነትን ከተዋናይነት የሚለይ ስለሆነ ልብ ሊባል ይገባል። ፊንቸር ለዋናዋ ሴት ገጸ ባሕርይ የመረጠው ሮዛመንድ ፓይክን ነበር፤ ዊዘርስፑን ያንን ተቀብላ ፊልሙን ከጀርባ ሆና አስፈጸመች። ሁለቱ ፊልሞች ሦስት የኦስካር የትወና ዕጩነት አገኙ፤ ሦስቱም ለሴቶች ነበር፦ ለፓይክ፣ ለራሷ ለዊዘርስፑንና ለሎራ ደርን።

በነገራችን ላይ ችግሩን ከሴቶቹ ትምህርት ቤት መፈለግ ጥያቄውን መገልበጥ ነው። ዊዘርስፑን ኩባንያውን ከመክፈቷ በፊት የስቱዲዮ ኃላፊዎችን እየዞረች በሴት መሪ ገጸ ባሕርይ የሚዘጋጅ ፊልም እንዳላቸው ስትጠይቅ ብዙዎቹ ምንም እንደሌላቸው እንደነገሯት ደጋግማ ተናግራለች። በሳን ዲዬጎ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ማርታ ላውዘን በየዓመቱ የምታወጣው ቆጠራ እንደሚያሳየው፣ በ2023 በአሜሪካ ከፍተኛ ገቢ ባገኙት 250 ፊልሞች ከካሜራ ጀርባ ባሉት ዋና ዋና ሙያዎች የሴቶች ድርሻ 22 በመቶ ነበር፤ በ1998 ደግሞ 17 በመቶ። በሃያ አምስት ዓመት የአምስት ነጥብ ለውጥ ማለት ነው። ከወንዶች ጋር አብረው የተማሩት ሴቶች ቁጥር ከሴቶች ትምህርት ቤት ከወጡት እጅግ እንደሚበልጥ እየታወቀ፣ ይህን ቁጥር በሴቶቹ ዓይን አፋርነት ማስረዳት አይቻልም።

«የእሷ ስኬት የሴቶች ትምህርት ቤት ለመሻሉ ማስረጃ ነው»

የትምህርት ቤቶቹ ወዳጆች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። የዊዘርስፑን አባት የአንገት በላይ ሐኪም፣ እናቷ የነርስ ትምህርት መምህርት ነበሩ፤ የትምህርት ክፍያ መክፈል የሚችል፣ ቤቱ መጽሐፍ ያለበት ቤተሰብ ማለት ነው። ከዚህ ውስጥ የትኛው የትምህርት ቤቱ፣ የትኛው የቤቱ ድርሻ እንደሆነ ማን ይለየዋል? ምርምሩም እንዲሁ ያስጠነቅቃል። በ2014 የታተመ፣ ከ21 አገሮች 184 ጥናቶችንና ወደ 1.6 ሚሊዮን ተማሪዎችን ያካተተ ሰፊ ግምገማ፣ የተማሪዎቹ የቀደመ ሁኔታ በአግባቡ በተመዛዘነባቸው ጥናቶች ውስጥ ሴቶችንና ወንዶችን ለይቶ ማስተማር ይህ ነው የሚባል ብልጫ እንደሌለው ደርሶበታል። በአንጻሩ ተማሪዎች ከ1974 ጀምሮ ለዓመታት በዕጣ ይመደቡባት በነበረችው በሴኡል የተደረገ ጥናት በሴቶች ብቻም ሆነ በወንዶች ብቻ ትምህርት ቤቶች የተማሩት በፈተና የተሻለ ውጤት እንዳላቸው አሳይቷል። ሁለቱን ያነበበ ሰው «የግድ ይሻላል» ወይም «ጭራሽ አይጠቅምም» ብሎ በእርግጠኝነት ለመናገር ድፍረት ያጥረዋል።

ከዊዘርስፑን አጠገብ የነበሩትን ሴቶች ማየትም ይህንኑ ያስተምራል። በ2017 ስምንት የኤሚ የቴሌቪዥን ሽልማት ያገኘውን «ቢግ ሊትል ላይስ» የተሰኘ ተከታታይ ድራማ አብራት ፕሮዲዩስ ያደረገችው ኒኮል ኪድማን የተማረችው በሲድኒ የመንግሥት የሴቶች ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነው። ሁለት ፕሮዲዩሰሮች፣ ሁለት የሴቶች ትምህርት ቤቶች፤ ለክርክር የሚመች ምሳሌ ይመስላል። ነገር ግን የፓስፊክ ስታንዳርድ መሥራች አጋር ብሩና ፓፓንድሪያ ያደገችው በአውስትራሊያ በአደሌድ፣ ልጆቿን ብቻዋን በምታሳድግ እናት እጅ፣ በችግር ውስጥ ነው። ሥራው ላይ ከዊዘርስፑን ያነሰች አልነበረችም።

«ዩኒቨርሲቲ አቋርጣ ከተሳካላት ትምህርት ምን ያደርጋል?»

ዊዘርስፑን ወደ ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ገብታ የእንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍ ማጥናት ጀምራ ከአንድ ዓመት ገደማ በኋላ ለትወና አቋርጣ ወጥታለች፤ ይህ እውነት ነው። ከዚህ ተነሥቶ ትምህርትን ዋጋ ቢስ ማድረግ ግን ዲግሪንና ንባብን መቀላቀል ነው። የሥራዋ መሠረት ንባብ ሆኖ ቀርቷል። «ዋይልድ»ም «ጎን ገርል»ም በእጇ የገቡት መጻሕፍቱ ለገበያ ከመውጣታቸው በፊት፣ በረቂቅ ደረጃ ሳሉ ነው፤ ረቂቅ አንብቦ ፊልሙን በአእምሮ ማየት ደግሞ በልጅነት የተጀመረ፣ ለዓመታት የተገራ ንባብን ይጠይቃል። በ2017 በሴቶች የተጻፉ ወይም ሴትን ማዕከል ያደረጉ መጻሕፍትን በየወሩ የሚመርጥ የንባብ ክበብ ከፈተች። በዚያው ዓመት መስከረም ክበቡ የመረጠው የሴለስት ኢንግ ልብ ወለድ «ሊትል ፋየርስ ኤቭሪዌር» በ2020 ተከታታይ ድራማ ሆነ። በ2018 መስከረም የተመረጠው የዲሊያ ኦወንስ «ዌር ዘ ክሮዳድስ ሲንግ» ደግሞ በ2022 ሲኒማ ቤት ገባ፤ የሁለቱም ፕሮዲዩሰር ሄሎ ሰንሻይን ነበር።