ጊዜያዊ ጣሪያ፦ ከቤት በላይ የሚቆም ቤት

ጊዜያዊ ጣሪያ የሚባለው በብረት ርብራብ ላይ ተሠርቶ ነባሩን ቤት ከነሙሉው የሚከልል፣ ሥራው ሲያልቅም የሚነሣ መሸፈኛ ነው። በብዛት የሚታየው ዝናብ ወር በማይመርጥባቸው አገሮች፣ በተለይ በብሪታንያ ነው። እዚያ ቤቱን የሚያስፋፋ ሰው ብዙውን ጊዜ ለቅቆ አይወጣም። ከላይ አሮጌው ጣሪያ ተገፍፎ ፎቅ ሲጨመርለት እሱ ከታች ሳሎኑ ውስጥ ይኖራል። በኢትዮጵያ ግን ግንበኛው ከዝናብ የሚያመልጠው ጊዜ በመምረጥ ነው፤ ክረምቱ ሰኔ ላይ ሳይገባ ቤቱን ለመክደን ይሯሯጣል። ይህ ዘዴ ከየትኛውም ሸራ ይረክሳል፤ የሚያገለግለው ግን የዝናቡ ወቅት በሚታወቅበት አገር ብቻ ነው።

ማስፋፊያ ሁሉ ይህን አይጠይቅም። ከቤቱ ጎን ከመሬት ተነሥቶ ለሚገነባ አንድ ክፍል ትኩሱን ግንብ በላስቲክ መሸፈን ይበቃል፤ ለዚያ ሙሉ ጣሪያ ማቆም ገንዘብ ማባከን ይመስለኛል። ነገሩ የሚለወጠው አሮጌው ክዳን ሲከፈት ነው። ኮርኒስ፣ የእንጨት ወለል፣ የኤሌክትሪክ መስመርና የቤት ዕቃ በአንድ ሌሊት ዝናብ ይበላሻሉ። ማታ ማታ በገመድ የሚታሰር ሸራም ነፋስ ሲነሣ መጀመሪያ የሚገለጠው እሱ ነው።

ዕቅድ የሚያወጣ ሰው አስቀድሞ የሚያስበው ስለ ዝናብ ቢሆንም ጣሪያውን የሚጥለው ነፋስ ነው። ውሃ የማያስገባ ሸራ ነፋስም አያሳልፍም። የነፋስ ግፊት በፍጥነቱ ካሬ ልክ ስለሚያድግ ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ግፊቱ አራት እጥፍ ይሆናል። በሰዓት 108 ኪሎ ሜትር የሚነፍስ ነፋስ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ 56 ኪሎ ግራም ያህል ይገፋል። 8 ሜትር በ6 ሜትር በሆነ ጣሪያ ላይ ይህ ወደ 2.7 ቶን ይጠጋል። ትክክለኛው ቁጥር በጣሪያው ቅርጽ ከፍና ዝቅ ይላል፤ አሳሳቢው ግን የኃይሉ አቅጣጫ ነው። ነፋሱ ከላይ እየሳበ፣ ጎኑ ክፍት ከሆነም ከሥር ገብቶ እየገፋ፣ ጣሪያውን ወደ ሰማይ ያነሣዋል። ተራ ርብራብ የሚሰላው ሠራተኛና ጡብ ተሸክሞ እንዳይሰምጥ ነው። ይህኛው ግን እንዳይበርም ጭምር መሰላት አለበት፤ ስለዚህም በብሪታንያ ለእያንዳንዱ ጊዜያዊ ጣሪያ መሐንዲስ ለብቻው ንድፍ ያወጣለታል።

ወደ ላይ የሚያነሣውን ኃይል የሚይዙት ሁለት ነገሮች ናቸው፤ ማሰሪያና ክብደት። ማሰሪያው ጤነኛ የሆነው አሮጌ ግድግዳ ተበስቶ ይተከላል። ስሚንቶው ገና ባልደረቀ አዲስ ግንብ ላይ ማሰር ግን ግንቡንም ርብራቡንም ማጣት ነው። ማሰሪያ በማይቻልበት ቦታ የኮንክሪት ብሎክ ወይም ውሃ የተሞላ በርሜል ከእግሮቹ ላይ ይታሰራል። አንድ ሜትር ኩብ ኮንክሪት 2.4 ቶን ያህል ስለሚመዝን፣ ከላይ ላልነው መጠነኛ ጣሪያ እንኳ የሚያስፈልገው ክብደት ቀላል አይደለም፤ ያንን ሁሉ በጠባብ ጓሮ አሳልፎ ማስገባትም ራሱን የቻለ ሥራ ነው።

እግሮቹ የሚያርፉበት ቦታ ብዙ ጊዜ ተዘንግቶ የሚቆይ ጉዳይ ነው። ማስፋፊያው መሠረት ያሻዋል፤ መሠረቱ የሚቆፈረው ደግሞ ከአሮጌው ግድግዳ አጠገብ፣ ርብራቡ ሊቆም በታሰበበት ቦታ ላይ ነው። ጉድጓዱ ቀድሞ ተቆፍሮ ኮንክሪት ካልተሞላ፣ ርብራቡ ከቆመ በኋላ ከእግሩ ሥር አፈር መዛቅ ይመጣል። አማራጩ እግሮቹን ከቁፋሮው አርቆ በረጅም የአሉሚኒየም አግዳሚ መሻገር ነው፤ አግዳሚው በረዘመ መጠን ግን ዋጋውም ይጨምራል። ለስላሳ አፈር ላይ ከእያንዳንዱ እግር ሥር ወፍራም ሳንቃ ይነጠፋል።

መሸፈኛው ቆርቆሮ፣ ሲሞቅ ተኮማትሮ የሚወጠር ፕላስቲክ፣ ወይም ጠርዙ በአግዳሚው ቦይ ውስጥ እየተንሸራተተ የሚገባ ጠንካራ ሸራ ሊሆን ይችላል። ሸራው ተወጥሮ ተዳፋት ካልያዘ ውሃ ያቁራል። በ48 ካሬ ሜትር ላይ የወረደ 30 ሚሊ ሜትር ዝናብ 1,440 ሊትር ነውና መውረጃ ሊበጅለት ይገባል። አሸንዳ ሳይደረግለት ከጎረቤት ግቢ ቢፈስ ጠቡ ከዝናቡ ይብሳል። ከፍታውም ይታሰባል፤ አዲሱን የጣሪያ እንጨት የሚያቆሙት ሰዎች ከሸራው ሥር ቀጥ ብለው መሥራት፣ ረጅሙን እንጨትም ማዞር መቻል አለባቸው። ክሬን የሚያስፈልግ ከሆነ በሐዲድ ላይ ተንሸራቶ የሚከፈት ጣሪያ ይመረጣል።

የብሪታንያ የ2005 እ.ኤ.አ. የከፍታ ሥራ ደንብ እንዲህ ያለው ርብራብ ከመጀመሪያ አገልግሎቱ በፊት፣ ከዚያም ቢያንስ በየ7 ቀኑ፣ እንዲሁም ደኅንነቱን ሊያናጋ የሚችል ነገር ከደረሰ በኋላ እንዲፈተሽ ያዝዛል። ኃይለኛ ነፋስ ከእነዚህ አንዱ ነው። እግሩ የሕዝብ መንገድ ላይ ከወጣ የአካባቢው አስተዳደር ፈቃድ ይጠየቅበታል።

ጊዜያዊ ጣሪያ ሳይነሣ ሲቀር ምን እንደሚመጣ ለማየት ላሊበላ ቅርባችን ናት። በአውሮፓ ኅብረት ገንዘብ ተሠርተው በ2008 እ.ኤ.አ. የተጠናቀቁት አራት መጠለያዎች ቤተ መድኃኔ ዓለምን፣ ቤተ ማርያምን፣ ቤተ መስቀልን፣ ቤተ አማኑኤልንና ቤተ አባ ሊባኖስን ከዝናብ ይከልላሉ። ሲቆሙ ጊዜያዊ ተብለው ነበር። ከአሥር ዓመት በኋላ፣ በ2018 እ.ኤ.አ.፣ የከተማዋ ነዋሪዎች ይነሡልን ብለው ሰልፍ ወጡ። ፍርሃታቸው ከባዶቹ ምሰሶዎች በነፋስ እየተናወጡ አለቱን እንዳይጎዱ ነበር። በቀጣዩ ዓመት መጋቢት የፈረንሳይ ፕሬዚዳንት ኢማኑኤል ማክሮን ላሊበላን ጎብኝተው ለአብያተ ክርስቲያናቱ ጥበቃ ድጋፍ ቃል ገቡ። እንደ እኔ ፍርሃቱ መሠረት የለሽ አልነበረም፤ የቅርስ አለት እንደ ጓሮ አፈር ተቆፍሮ ወይም እንደ ጡብ ግድግዳ ተበስቶ አይታሰርበትም።

በግል ቤት ላይ ይህ ብዙም አያጋጥምም፤ ከስምምነቱ በላይ የቆየ ርብራብ ኪራዩ በየሳምንቱ ስለሚቆጠር ባለቤቱ ራሱ እንዲነሣ ይቸኩላል። ቢሆንም መቼ እንደሚነሣ ከጅምሩ ይጻፋል። ሸራው የሚወርደው የአዲሱ ጣሪያ ውሃ መከላከያ ንጣፍ ተዘርግቶ ሲያልቅ ነው፤ የጣሪያው ጡብ እስኪደረደር መጠበቅ አያሻም። የታችኛው ርብራብ ግን ለአሸንዳና ለግድግዳ ልስን ይቆያል። መሐንዲሱም ከላይ ያለው ሲነሣ የቀረው ብቻውን መቆም መቻሉን አስቀድሞ ማስላት ይኖርበታል።