በውሃ ጉዳይ «የጋራ ኃላፊነት» ምንድን ነው?

ወሎ ውስጥ ለቅሶ ሲደርስ ግራ የሚጋባ ሰው የለም። ቅሬ የሚባለው የመንደር እድር አለ። መቃብር የሚቆፍረው፣ ለዘመድ መርዶ የሚያደርሰው፣ ንፍሮ የምትቀቅለው ይታወቃሉ፤ ያለ ምክንያት የቀረ ሰው በቅሬው ዳኛ ፊት ቆሞ ቅጣቱን ይከፍላል። በብዙ ቦታ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም የአንድ ቅሬ አባል ነው። የዚያው መንደር የእጅ ፓምፕ የተበላሸ ዕለት ግን ያ ሁሉ ሥርዓት ድራሹ ይጠፋል። ጎረቤት ጎረቤቱን ያያል፤ ሁለቱም ወረዳውን ያያሉ፤ ወረዳው በጀቱን ያያል። ሴቶቹ ደግሞ ጀሪካናቸውን አዝለው ከብት ወደሚጠጣበት ወንዝ ይወርዳሉ።

«ንጹሕ ውሃና መጸዳጃ ለሁሉም ማዳረስ የጋራ ኃላፊነት ነው» የሚለው አባባል በየስብሰባው ከመደጋገሙ የተነሣ ለዛው ጠፍቷል። ሐሳቡ ግን ቀላል ነው። መንግሥት፣ ውሃ አቅራቢው መሥሪያ ቤት፣ ረጂ ድርጅቱና ተጠቃሚው እያንዳንዳቸው የታወቀ ድርሻ አላቸው፤ ድርሻውን ያልተወጣም ይጠየቃል ማለት ነው። እኩል ይሸከማሉ ማለት አይደለም። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ሲባል ሁላችንም ራሳችንን እንነቀንቃለን፤ ተረቱ የሚሠራው ግን ሃምሳውም ሰው ሎሚውን በእጁ ሲይዝ ነው።

ትልቁ ሎሚ የመንግሥት ነው። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ሐምሌ 21 ቀን 2002 ዓ.ም. ንጹሕ ውሃና የንጽሕና አገልግሎት ማግኘት ሰብአዊ መብት መሆኑን በ122 የድጋፍ ድምፅ ተቀብሏል። የተቃወመ አልነበረም፤ 41 አገሮች ግን ድምፀ ተዓቅቦ አድርገዋል፤ ኢትዮጵያም ከእነዚሁ አንዷ ነበረች። ነገሩ የሚገርመው የራሷ ሕገ መንግሥት ከዚያ 15 ዓመት ቀደም ብሎ፣ በአንቀጽ 90፣ ንጹሕ ውሃን ለዜጎች ሊቀርቡ ከሚገባቸው ነገሮች መካከል መቁጠሩ ነው። እርግጥ «የሀገሪቱ አቅም በፈቀደ መጠን» የምትል ሐረግ አለችበት። ክርክሩ ሁሉ የሚያድረው እዚያች ሐረግ ውስጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 የጸደቁት የዘላቂ ልማት ግቦች ደግሞ፣ 6ኛው ላይ፣ ውሃውም መጸዳጃውም እስከ 2030 ለሁሉም ይዳረስ ይላሉ።

የተጠቃሚው ድርሻ ሲነሣ ግን ጠንቀቅ ማለት ያስፈልጋል፤ እሱ መክፈል የሚጀምረው ገና መዋጮ ሳይጠየቅ ነውና። በሁለተኛው የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ ለገጠር ነዋሪ የተቀመጠው መለኪያ በ1 ኪሎ ሜትር ርቀት ውስጥ በቀን 25 ሊትር ውሃ ለአንድ ሰው ነበር። አምስት ነፍስ ያለበት ቤት 125 ሊትር ይፈልጋል፤ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ስድስት ተሞልቶ ገና አምስት ሊትር ይቀራል ማለት ነው። አንዱ ጀሪካን 20 ኪሎ ይመዝናል። በደላንታ ወይም በኩታበር ዳገት ይህን የሚያወጣው የማን ጀርባ እንደሆነ ወሎዬ ለወሎዬ አይነግረውም። ስለዚህ «ኅብረተሰቡም የበኩሉን ያዋጣ» የሚል ሰው፣ እናቶችና ልጃገረዶች በጀርባቸው ያዋጡትን አስቀድሞ መዝገብ ላይ ቢያሰፍር ደግ ነው። የፓምፑ ቁልፍም፣ በእኔ እምነት፣ መቀመጥ ያለበት ጀሪካኑን በምትሸከመው ሴት መቀነት ላይ ነው።

አሁን ወደ ፓምፑ እንቅረብ። በገጠራችን በብዛት የሚታየው አፍሪዴቭ የሚባለው የእጅ ፓምፕ፣ የመንደሩ ሰው ራሱ ፈትቶ እንዲጠግነው ታስቦ የተሠራ ነው። ጉድጓዱ ውስጥ ካለው ፒስተን ላይ የምትጠለቅ አንዲት የጎማ ቀለበት አለች። ቀለበቷ ስታልቅ ፓምፑ ይሰንፋል፤ እጀታውን ደጋግመው ደጋግመው ቢጫኑት ውሃው ዘግይቶ፣ ያውም እየተቆራረጠ ይመጣል። የውሃ ኮሚቴው ሳጥን ውስጥ ገንዘብ ካለ፣ መለዋወጫው በአቅራቢያ ከተገኘ፣ የብሎን መፍቻ መያዝ የሚያውቅ ሰው ከሠለጠነ ሥራው ከግማሽ ቀን አያልፍም። ይህ የመንደሩ ድርሻ ነው። ጉድጓዱ ራሱ ሲደርቅ ወይም የከርሰ ምድር ውሃው ሲሸሽ ግን የመንደሩ ሳጥን ምንም አያመጣም፤ አዲስ ማስቆፈር የወረዳው፣ የክልሉና ከዚያ በላይ ያለው አካል ሥራ ነው። ሁለቱን አደባልቆ «ፓምፑ የእናንተው ነው» ብሎ መሄድ ኃላፊነት መጋራት አይባልም። ጥሎ መሄድ ነው።

መጸዳጃው ላይ ስንደርስ ነገሩ ይከብዳል። ውሃ ያጣ ሰው ይጮኻል፤ መጸዳጃ የሌለው ግን ያፍራልና ዝም ይላል። ከሃምሳ ቤት አርባ ዘጠኙ ጉድጓድ ቢቆፍርና አንዱ ቤት ሜዳ ላይ ቢወጣ፣ ዝንቡ የሚያርፈው ሃምሳውም ቤት እንጀራ ላይ ነው። የክረምቱ የመጀመሪያ ጎርፍም ሜዳውን ጠርጎ ታች ያለው ምንጭ ውስጥ ይጨምረዋል። ለዚህ ነው ምንጭ ሲጎለብት በሲሚንቶ ማጠሩ ብቻ የማይበቃው፤ ከበላዩ የጎርፍ መቀልበሻ ቦይ ይወጣለታል፣ አካባቢውም ከከብት ይከለላል። የቦርከና ወንዝም ደሴን አልፎ ወደ ኮምቦልቻ፣ ከዚያም ወደ ከሚሴ ይወርዳል። ከላይ የሚጣል ነገር ከታች ላለው ሰው ይደርሰዋል፤ ስለዚህ የኮምቦልቻ ሰው ስለ ደሴ መጸዳጃ ቢጠይቅ የሚያገባውን ነው የጠየቀው። እ.ኤ.አ. በ2013 የተጀመረው ዋን ዋሽ የተባለው የውሃና የንጽሕና ብሔራዊ ፕሮግራምም የውሃ፣ የጤና፣ የትምህርትና የገንዘብ ሚኒስቴሮችን በአንድ ዕቅድ ያሰባሰበው ያለ ነገር አይደለም። የትምህርት ቤት መጸዳጃ የአንዱ፣ ቧንቧው የሌላው፣ የጤና ትምህርቱ የሦስተኛው መሥሪያ ቤት ሥራ ሆኖ ሲቀር መጸዳጃው ያለ ውሃ ተሠርቶ ይቆለፋል።

እኔ ብጠየቅ የውሃ መዋጮው ከቅሬው መዋጮ ጋር በአንድ ቀን ይሰብሰብ እላለሁ። ሰዉ ያን ቀን ይገኛል፣ ስም ይጠራል፣ የቀረ ይታወቃል። በዚያው ቀን የወረዳው ውሃ ባለሙያም ይጠራ፤ የእሱም ስም መዝገቡ ላይ ይስፈር፣ ከቀረም እንደ አባላቱ «ቀረ» ተብሎ ይጻፍበት።