ውጅግራ ምንድን ነው?

የአክስቴ ልጅ አሜሪካ ነው የሚኖረው። ባለፈው ክረምት በቴሌግራም አንድ ፎቶ ላከልኝ። ለሽያጭ የቀረበ አሮጌ ጠመንጃ ነው። ሰደፉ ተሰንጥቆ በጠፍር ታስሯል። ከሥሩ "ከኢትዮጵያ የመጣ፣ የፈረንሳይ ሥሪት" የሚል ጽሑፍ አለ። "ይሄ ነገር ምንድን ነው?" አለኝ። ሞጣ ተወልዶ ያደገ ሰው እንዲህ ብሎ ሲጠይቅ ትንሽ አናደደኝ።

"አንተ! ይሄማ ውጅግራ ነው!" አልኩት።

"እሱንማ አውቃለሁ። ውጅግራ ማለት ግን ምን ማለት ነው?"

ዝም አልኩ። ስሙን ከልጅነቴ ጀምሮ በፉከራ ሰምቼዋለሁ። አያቴም ቤት ምሰሶ ላይ ተንጠልጥሎ አይቼዋለሁ። ስሙ ከየት እንደመጣ ግን አንድም ቀን አስቤ አላውቅም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ፈረንሳዮች ጠመንጃን "ፉዚ" ይሉታል። ሲጽፉት መጨረሻው ላይ "ል" አለችበት፤ ሲናገሩ ግን ይውጧታል። ይህን ጠመንጃ ያበጀው መኮንን ደግሞ ባዚል ግራ ይባላል። የእሱም ስም ሲጻፍ መጨረሻው ላይ "ስ" አለ፤ እሷም አትነበብም። ስለዚህ ፈረንሳዩ ሲጠራው "ፉዚ ግራ" ነው የሚለው። በእኛ አፍ ውጅግራ ሆነ። ከግራ እጅ ጋር ምንም ዝምድና የለውም።

እኔን የገረመኝ እነዚያ ሁለት የተዋጡ ፊደሎች ናቸው። በእኛ ቃል ውስጥም የሉም። አባቶቻችን ስሙን ከወረቀት አላነበቡትም ማለት ነው። ከነጋዴው አፍ ነው የሰሙት። ግሪኮችም ይህንኑ ጠመንጃ በብዛት ገዝተው ነበር፤ እነሱ ግን "ግራስ" ነው የሚሉት። ሌሎቹም የጠመንጃ ስሞቻችን እንዲሁ ናቸው። ስናድር ከእንግሊዙ "ስናይደር" የመጣ ነው። በልጅግ ደግሞ የአገር ስም ነው፤ ቤልጅየምን ፈረንሳዮቹ "ቤልዢክ" ይሏታል።

ወደ ብረቱ እንምጣ። ውጅግራ እ.ኤ.አ. የ1874 ሞዴል ነው። ከእሱ በፊት ፈረንሳዮች የያዙት ሻስፖ የሚባል ጠመንጃ ነበር። የሻስፖ ጥይት የወረቀት ነው፤ እርጥበት ይጎዳዋል። መኮንኑ ግራ ያደረገው ነገር ጠመንጃው ባለ ነሐስ ቀለህ ጥይት እንዲጎርስ ማስቻል ነው። ውጅግራ አንድ ጎራሽ ነው። ማቀባበያውን ወደ ኋላ ትስባለህ፣ አንድ ጥይት ታጎርሳለህ፣ ትዘጋለህ፣ ትተኩሳለህ። ከዚያ እንደገና። የአፈሙዙ ቀዳዳ 11 ሚሊ ሜትር ነው። የጥይቱ እርሳስ ብቻውን 25 ግራም ይመዝናል። ጠመንጃው ከ4 ኪሎ በላይ ነው፤ ቁመቱም 1 ሜትር ከ30 ያህል ይሆናል። ሳንጃው ሲሰካበት ካጭር ሰው ይበልጣል።

ባሩዱ ጥቁር ባሩድ ነው። ሲተኮስ ጢሱ ተኳሹን ይሸፍነዋል፤ የት እንዳለም ለጠላት ይናገርበታል። ጉዱ ያለው እዚህ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1886 ፈረንሳዮች ጢስ የማያወጣ ባሩድ የሚጎርስ ለበል የሚባል ጠመንጃ አወጡ። በአንድ ጊዜ ያ ሁሉ ውጅግራ አሮጌ ሆነ። መጋዘን ሙሉ ትርፍ መሣሪያ! ለአውሮፓ ጦር አይሆንም። ለነጋዴ ግን ይሆናል።

ያን ጊዜ የታጁራና የጅቡቲ ወደብ የጠመንጃ በር ነበር። ግጥም ትቶ ንግድ የገባው ፈረንሳዊው አርተር ራምቦ እንኳ እ.ኤ.አ. በ1886 ከታጁራ ተነስቶ ጠመንጃ በግመል ጭኖ ለምኒልክ አምጥቷል። ዋጋ ላይ ምኒልክ አልተሞኙለትም፤ ያሰበውን ያህል ሳያገኝ ነው የተመለሰው። በእንዲህ ያለው ንግድ የመጣው አሮጌ ብረት ነው በ1888 ዓ.ም. አድዋ ላይ የተሰለፈው። የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖትም ጦራቸውን ይዘው እዚያው ነበሩ። ከሌላው መሣሪያ ጋር ውጅግራም በሠራዊቱ እጅ ነበር።

ከአድዋ በኋላም ሥራ አልፈታም። ጣሊያን ተመልሶ ሲመጣ የጎጃም አርበኛ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ጫካ የገባው ያገኘውን ይዞ ነው። ውጅግራ ያለው ውጅግራውን፣ በልጅግ ያለው በልጅጉን፣ የሌለው ደግሞ ጎራዴውን። ከጣሊያን የማረከ ምንሽር ታጠቀ። ዕድሜውን ልብ በሉልኝ። ፈረንሳይ ከጣለችው ሃምሳ ዓመት ያለፈው ጠመንጃ ነው።

ዛሬ ሰብሳቢዎች የሚፈልጉት ይህንን ዕድሜ ነው። ሰብሳቢ ማለት ሊተኩስበት ሳይሆን ሊያስቀምጠው የሚገዛ ሰው ነው። ባለፉት ጥቂት ዓመታት የአሜሪካ አስመጪዎች ከኢትዮጵያ መጋዘን የወጡ አሮጌ ጠመንጃዎችን ለእነዚህ ሰዎች ሲሸጡ ቆይተዋል። ትርፍ ሆኖ መጣ፣ ትርፍ ሆኖ ሄደ።

እንግዲህ ሰብሳቢው ሲገዛ ምኑን ያያል? መጀመሪያ ጽሑፉን። ከማቀባበያው በታች በግራ ጎኑ በኩል የተሠራበት ፋብሪካ ስምና "1874" የሚል ሞዴል ተቀርጿል። ከአጠገቡ "ኤም 80" የሚል ካለ በኋላ የተሻሻለ ነው ማለት ነው። "1866-74" የሚል ከሆነ ደግሞ ሻስፖ የነበረ፣ ተለውጦ ውጅግራ የሆነ ነው። እኔ ብሆን ይሄኛውን ነው የምመርጠው፤ ሁለት ሕይወት ኖሯል። ሳንጃው አብሮ ካለም ጀርባውን ማየት ነው። የተሠራበት ቦታና ዓመተ ምሕረት በሚያምር የእጅ ጽሑፍ ተቀርጾበታል።

ቀጥሎ ቁጥር። ፋብሪካው በአፈሙዙም፣ በማቀባበያውም፣ በሌሎቹም ክፍሎች ላይ አንድ ዓይነት ቁጥር ይመታል። ሁሉም ከገጠመ ጠመንጃው ከተወለደ ጀምሮ አልተበተነም ማለት ነው፤ ዋጋውም ይጨምራል። እኛ አገር የመጣው ግን ብዙው አይገጥምም። መቶ ዓመት ሙሉ አንዱ ሲሰበር ከሌላው እየተፈታ የተጠገነ ነገር እንዴት ይገጥማል?

ከሁሉ በላይ ግን አለመነካካቱ ነው። ይቺን ስጽፍ አጎቴ ትዝ አለኝ። አያቴ ሲያርፍ ውጅግራው ለእሱ ደረሰው። "ይጠራ" ብሎ ሰደፉን በብርጭቆ ወረቀት ሲፈገፍገው ዋለ። ጠፍሩን ቆርጦ ጣለው። ስንጥቁን በማጣበቂያ ሞላውና ቫርኒሽ ቀባው። አብረቀረቀ! ለቅሶ ሊደርስ የመጣው ሁሉ አደነቀለት። እንጨቱ ላይ የነበረው የፋብሪካው ክብ ማኅተም ግን አብሮ ተፈግፍጎ ሄደ። ያንን ጠፍር አያቴ ራሱ ነበር ያሰረው፤ እርጥቡን ጠምጥሞ ሲደርቅ እንደ ብረት ያዘለት። አውቆ የሚገዛ ሰው የሚከፍለው ለእሱ እንጂ ለቫርኒሽ አይደለም። አጎቴን ግን አልወቅሰውም። እኛ ዘንድ መሣሪያ የሚከበረው ሲወለወል ነው።

ነገሩ በባለመነጽሮቹ ላይ ይብሳል። ስናይፐር የሚባለው ማለቴ ነው። በሰብሳቢ ዘንድ መነጽር ያለው ጠመንጃ ከሌጣው እጅግ ይወደዳል፤ የተወደደ ነገር ላይ ደግሞ አጭበርባሪ አይጠፋም። የሩሲያውን ሞሲን እንውሰድ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት 3.5 እጥፍ የሚያጎላ መነጽር ተገጥሞለት አልሞ ተኳሾች ይዘውት ነበር። ከጦርነቱ በኋላ ከብዙዎቹ ላይ መነጽሩ ተነቀለ፤ ቀዳዳው ተደፈነ፤ ተራ ጠመንጃ ሆኑ። ዛሬ ደግሞ ተራውን በስቶ አዲስ መነጽር እየገጠመ "የጦርነቱ ነው" ብሎ የሚሸጥ አለ። አዋቂው መነጽሩ ውስጥ ከማየቱ በፊት ቁጥሩን ያያል። በእውነተኛው ላይ ብዙ ጊዜ የመነጽሩ ቁጥር በጠመንጃው አካል ላይም ተመትቷል። የተደፈነና እንደገና የተበሳ ቀዳዳም ምልክቱን አይደብቅም። በአጭሩ፣ ስናይፐር የሚያሰኘው መነጽሩ ሳይሆን የቁጥሩ ምስክርነት ነው።

ሁለት ነገር ሳልናገር እንዳላልፍ። አንደኛ፣ ውጅግራ ቤት ያለው ሰው ለሠርግም ለለቅሶም ብሎ እንዳይተኩስበት። የተሠራው ለጥቁር ባሩድ ነው። የዘመኑ ባሩድ ጉልበቱ ሌላ ነው፤ አሮጌው ብረት ፊት ላይ ሊፈነዳ ይችላል። ሁለተኛ፣ አሜሪካ ውስጥ በፌዴራሉ ሕግ እስከ እ.ኤ.አ. 1898 የተሠራ ጠመንጃ እንደ ጥንታዊ ዕቃ ነው የሚታየው። "ያው አሮጌ ነው" ብሎ እዚህ መግዛትና መሸጥ ግን ሌላ ጣጣ ነው። እኛ ዘንድ በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሠረት መሣሪያ ያለ ፈቃድ መያዝም ማዘዋወርም ያስጠይቃል። በዚህ ሰሞን ጎጃም ውስጥ ስለ ጠመንጃ ማውራት ራሱ ልብ ያከብዳል። እኔ የማወራው ሙዚየም ቢገባ ስለሚያምርበት ዕቃ ነው።

የአክስቴን ልጅ ሌላ ፎቶ እንዲልክልኝ ጠየቅሁት። ላከ። አጉልቼ አየሁት። የአፈሙዙና የማቀባበያው ቁጥር አይገጥምም። ማኅተሙ ግን አለ፣ እንጨቱም አልተፈገፈገም። ይህንኑ ነገርኩት።

"ቁጥሩን ተወው" አለኝ። "ጠፍሩን አየኸው? አስተሳሰሩ ልክ የአያታችንን ይመስላል። ልገዛው ነው።"

ጎጃም ውስጥ የተሰነጠቀ ሰደፍ ሁሉ እንዲያ ነው የሚታሰረው። አልነገርኩትም።